መቶ ሠላሳ ሰባተኛዋ ልጅ

ሉባባ ይመር እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው በ2072 ዓ.ም.፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ቋንቋ የሚማር ሰው አልነበረም። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው። የፋብሪካው ኃላፊ በቻይንኛ ያዝዛል፣ ሠራተኛው በአማርኛ ይሰማል። የባቲ ግመል ነጋዴ በአፋርኛ ይከራከራል፣ ገዢው በኦሮምኛ ይመልሳል። ከማዳመጫው የሚወጣው የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ስለሆነ፣ በመካከል ትርጉም መኖሩን ሰዉ ከረሳው ቆይቷል።

ማዳመጫ የማይፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያቀርብ ተማሪ። ማሽን ሁሉን ነገር መጻፍ ከቻለ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያምኑት፣ ሰው ቆሞ፣ ያለ ረዳት፣ ባልተወለደበት ቋንቋ የተናገረውን ብቻ ሆነ። ደንቡ «በባዶ አፍ ማቅረብ» ይባላል። ሃያ ደቂቃ ነው። ከሃያ ደቂቃው በኋላ ፈታኞቹ ይጠይቃሉ። አድማጮቹ ግን እንደማንኛውም ቀን ማዳመጫቸውን አድርገው ይቀመጣሉ።

ሉባባ ድሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ጤና ኬላ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ከዚያ የልጆችን ጤና የሚለካው አምባር መጣ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ክንዱ ላይ ያስረዋል። አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ይጠበቃል። ቀይ ከሆነ መኪና ሳይጠራ ይመጣል። አረንጓዴ ልጅ ታቅፎ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው በሩ አይከፈትለትም፤ በሩ ላይ ያለው የሴት ድምፅ በትህትና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይነግረዋል። ሰዉ በአንድ ዓመት ውስጥ ለመደው። እናቶች ጠዋት ሲገናኙ «ልጆች እንዴት አደሩ?» ይባባሉና «አረንጓዴ፣ አልሐምዱሊላህ» ይመልሳሉ።

ጤና ኬላዋ ስትዘጋ ሉባባ ከተማ ገብታ አምባሩን በሚያስተዳድረው አገልግሎት የመረጃ አጣሪ ተደረገች። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት የታመመ ሕፃን አይታ ልብሱን ገልጣ ሰዓት ይዛ ትንፋሹን ቆጠረች። ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። «በእጅ መቁጠር ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ በአገልግሎቱ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል» ይላል። ፈርማ ተቀበለች። ይህ የሆነው በ2071 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በጥቅምት ልጇ ፊርደውስ ሞተች። አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። የሞት ወረቀቱ «ድንገተኛ» ይላል።

በዚያን ቀን ባሏ እንድሪስ ባቲ፣ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጇን ይዞ ነበር የሄደው። ከኀዘኑ በኋላ አንድም ቀን መሪ አልጨበጠም። ባጃጇን ለወንድሙ ሰጥቶ ደረቅ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ቆጣሪ ሆነ። ሊያጽናና ለመጣው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር።

«ያን ቀን ባጃጇን ይዤ ባልሄድ ኖሮ።»

ደሴ ያለው አሮጌ ሆስፒታል ያኔ ገና አምባር አይጠይቅም ነበር። በባጃጅ አርባ ደቂቃ ነው። እንድሪስ ይህን ለእንግዳው ሁሉ እያሰላ ይነግር ነበር፤ የሐረጎን ዳገት በስንት ደቂቃ እንደሚወጣው፣ የት ጋ አቋራጭ እንዳለ። እሱ ይህን ሲጀምር ሉባባ ብድግ ብላ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ሰዉ ኀዘኑ ጠንቶባት ይመስለው ነበር።

ወደ ትምህርት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ርዕሷን ስታስመዘግብ ማንም አልተቃወማትም፤ አምባራቸው አረንጓዴ እንደሆነ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሞቱ ልጆች። በክልሉ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አገኘች። እየዞረች ቤተሰቦቻቸውን ጠየቀች። ከወረባቦ እስከ ቃሉ፣ ከተሁለደሬ እስከ አርጎባ፣ በየቤቱ መደብ ላይ ተቀምጣ አንድ ዓይነት መልስ ሰማች። «ምንም አላየንም። አረንጓዴ ነበር።» ያለቀሱ ነበሩ፤ ቅጹን የቀደዱባትም ነበሩ። አንድ አባት የልጁን አምባር አውጥቶ አሳያት፤ በሳጥን ውስጥ ሆኖ አሁንም አረንጓዴ ያበራ ነበር።

የቀረው ተራ ቁጥር መቶ ሠላሳ ሰባት ነበር። ለእሱ የትም መሄድ አላስፈለጋትም። እንድሪስ ሥራ በወጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ ቅጹን ዘርግታ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ጠያቂ በሚለው ቦታ ላይ ስሟን ጻፈች። ተጠያቂ በሚለው ላይ «እናት» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ በአማርኛ ሞከረች። «ምልክት አይተው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ ቅጹን ገልብጣ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። በአሥር ደቂቃ አለቀ።

በእንግሊዝኛ አላመማትም። ቃላቱ ትናንት የተማረቻቸው ናቸው፤ በልጅነቷ ከማንም አፍ አልሰማቻቸውም፤ ልጅ አላባበለችባቸውም፤ አላለቀሰችባቸውም። እናት እርዳታ ሳትጠይቅ መቆየቷ በእንግሊዝኛ «የአሳዳጊ መዘግየት» የሚባል ነገር ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ጎኑ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል።

እንግሊዝኛውን ያስተማረቻት እትዬ ስመኝ ነች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቱ እስኪሰረዝ ድረስ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንግሊዝኛ ስታስተምር የኖረች፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር ሴት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ ሉባባን ግድግዳ ፊት ታቆማትና እሷ አልጋዋ ላይ እርሳስ ይዛ ትቀመጣለች። ስህተት ስትሰማ እርሳሱን አልጋው እንጨት ላይ ታንኳኳለች። መጀመሪያ ሰሞን ማንኳኳቱ አያቆምም ነበር።

ከሁሉ ያስቸገራት «ትንፋሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ሌላ ቃል ተክታ እንዳታልፈው ጥናቱ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

«ምላስሽን አሳዪኝ» ትላታለች እትዬ ስመኝ። «በጥርስሽ መሃል። እንዲህ። አትፈሪው፣ አይቆረጥም።»

«እንደ ሕፃን የምንተባተብ ነው የሚመስለኝ።»

«ተንተባተቢ። እኔም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲስቅብኝ ኖሬያለሁ።»

ቤቷ ደግሞ እንድሪስ ነበር። ንግግሩን አጠናቃ ከያዘች በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከእራት በፊት ሰዓት ይዞ ያዳምጣታል። ማዳመጫውን እንዲያወልቅ የጠየቀችው እሷ ነች። «ከጆሮህ የሚወጣው ሹክሹክታ ይረብሸኛል» አለችው፤ አወለቀ። ስለዚህ አንድም ቃል ሳይገባው፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኖቹን ከእሷ ሳይነቅል ይሰማል። ስለ አምባሩ እንደምታጠና ያውቃል። የእነሱም ልጅ ከቁጥሮቹ አንዷ እንደሆነች ይገምታል፤ ግን ጠይቋት አያውቅም። እሷም ነግራው አታውቅም።

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ» አላት አንድ ቀን። «ማሻአላህ። እየፈጠንሽ ነው።»

«እውነት ያምራል?»

«ምን እንደምትዪ ባላውቅም ያምራል። መሃል ላይ አንድ ቦታ አለች ደግሞ፣ እጅሽን አጣጥፈሽ የምትዪያት። እሷን እወዳታለሁ። ሌላው ጋ ትሰናከያለሽ፣ እዚያ ጋ ግን እንደ ውኃ ነው የሚወርድልሽ።»

ሉባባ የትኛዋን እንደሆነ አውቃለች። «እሱ ቀላል ስለሆነ ነው» አለችው።

እትዬ ስመኝም ያቺኑ ቦታ አስተውላታለች። በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ንግግሩ ሲያልቅ እርሳሷን አስቀመጠች።

«መቶ ሠላሳ ሰባት ላይ እርሳሴን አንድ ጊዜ እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም» አለች። «አስተውለሻል?»

«ደጋግሜ ስላጠናሁት ነው።»

«ሌላውንም ደጋግመሽ ነው ያጠናሽው።» ቀና ብላ አየቻት። «ሉባባ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

ሉባባ ግድግዳውን እያየች መለሰች። «የኔ።»

ውጭ የወንዙ ድምፅ ይሰማ ነበር። እትዬ ስመኝ ከአልጋዋ ተነሥታ አጠገቧ መጥታ ቆመች። አልነካቻትም።

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መቁጠርሽን?»

«መቁጠሬን አያውቅም። ደውሎ ሲጠይቀኝ የመለስኩለትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ንገሪው እንጂ ልጄ።»

«እትዬ፣ በእንግሊዝኛ ሃምሳ ጊዜ ብዬዋለሁ። በአማርኛ ልጀምረው ስል አፌ አይከፈትም። ሞክሬያለሁ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሞክሬያለሁ። ‹እንድሪስ› እለዋለሁ፣ ‹አቤት› ይለኛል፣ ከዚያ ‹ምንም› እለዋለሁ።»

«እንግዲያው ከንግግሩ አውጪያት። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ አይበቃም?»

አይበቃም ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ቤተሰቦች ምንም አላየንም ብለዋል፤ አገልግሎቱ ደግሞ ምንም ምልክት ካልነበረ አምባሩም ምንም አልሳተም ባይ ነው። የሰው ቆጠራና የአምባሩ ቀለም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ልጅ ላይ፣ ጎን ለጎን የተገኙት በመቶ ሠላሳ ሰባት ላይ ብቻ ነው። እሷ ከወጣች ጥናቱ የቅሬታ ክምር ነው።

የማቅረቢያው ቀን ግንቦት አሥራ አራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደሴ ሆነ። እንድሪስ የቀን ፈረቃ ስለነበረው አይመጣም። ሲሸኛት አውቶቡሱ መስኮት ድረስ መጥቶ «ዱዓ እያደረግሁልሽ ነው» አላት። ሐረጎን ስትወጣ ጭጋግ ነበር። ሉባባ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ለራሷ የምትጸልይ መስሏት ፊቷን በአክብሮት ወደ መስኮቱ አዞረች።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጅ ማዳመጫዋን ተቀብላ በትንሽ ሳጥን ቆለፈችው። ሌላዋ ደግሞ አፏንና ጆሮዋን በመብራት አየች። መድረኩ ላይ ሰብሳቢው ፈታኝ ተቀምጧል፤ ሁለቱ በስክሪን ናቸው፣ አንዷ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከሃኖይ። ስልሳ ያህል ወንበር አለ፤ ግማሹ ሞልቷል። ከአገልግሎቱ የመጡ ሦስት ሰዎች ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ።

ጀመረች። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ተሰናከለች፣ ሁለተኛው ላይም፤ ከዚያ ሄደላት። «ትንፋሽ» የሚለውን ቃል በትክክል አለችው፣ ማንም ልብ አላለም። አድማጮቹ የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው፤ በየጆሮአቸው ሉባባ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ምንም ሳትሰናከል ትናገራለች።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የኋላው በር ተከፈተ። እንድሪስ ነበር። የኢድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ጎንበስ እያለ ገብቶ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ተቀመጠ። ፈረቃውን ለሌላ ሰው ለምኖ ሰጥቶ ነው የመጣው። እጁን ከጉልበቱ ላይ ትንሽ አነሣላት፤ ፈገግ አለ። ከጆሮው ሥር ማዳመጫው ያበራ ነበር።

ሉባባ አፏ መናገሩን አላቆመም። የክልሉን ካርታ እያሳየች ነበር። ከካርታው በኋላ የዕድሜ ሠንጠረዥ አለ፤ ከሠንጠረዡ በኋላ መቶ ሠላሳ ሰባት። ማለፍ ትችላለች፤ ስላይዱን በአንድ ጣት መግፋት ነው። ወይም ማቆም፤ ውኃ መጠየቅ፤ ታመምኩ ማለት። ሦስት ደቂቃ ነበራት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እነዚህን ሁሉ አስባለች፤ በኋላ ለእትዬ ስመኝ ስትነግራት አልካደችም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች አየች። ቅጹን የቀደደባትን አባት አሰበች። እንድሪስን አየች።

ስላይዱን ለወጠች፣ እጇን አጣጠፈች፣ ተናገረች።

በእንድሪስ ጆሮ ውስጥ፣ በሚስቱ ድምፅ፣ በአማርኛ የገባው ይህ ነው።

«መቶ ሠላሳ ሰባተኛዋ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ናት። እናትየዋ የጤና ሠራተኛ ነበረች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የልጅቷን ትንፋሽ ቆጠረች፤ በደቂቃ ሃምሳ ስድስት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ደግማ ቆጠረች፤ ስልሳ አራት ነበር። ደረቷ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አይታለች። በዚህ ዕድሜ ከአርባ በላይ መሆኑ አደጋ እንደሆነ ታውቃለች፤ ለሌሎች እናቶች ስታስተምረው ኖራለች። አምባሩ አረንጓዴ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ አባትየው ከሌላ ከተማ ደውሎ ‹ልመለስ ወይ?› ሲል ጠየቀ። እናትየዋ ‹አትምጣ፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች› አለችው። ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተች። ከመጀመሪያው ቆጠራ እስከ ሞት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ እናትየዋ እርዳታ አልጠየቀችም።»

እንድሪስ ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ፊቱ ላይ ረስቶት እንደሆነ ሁሉ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር፤ ማዳመጫው መዳፉ ላይ፣ የማይገባውን ቋንቋ እየሰማ።

ሃያው ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨረሰች። የናይሮቢዋ ፈታኝ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እናትየዋ መቁጠሯን በምን እናረጋግጣለን? ሰው ከኀዘን በኋላ ያላደረገውን አደረግሁ ሊል ይችላል።»

ሉባባ ሊመጡ ይችላሉ ለተባሉ ሃያ ሰባት ጥያቄዎች መልስ አጥንታለች። ይህ አራተኛው ነበር። «የተጻፈ አለ» አለች። «ሁለቱንም ቁጥር ከነሰዓቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ጥግ ላይ ጽፋዋለች። ገጹ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

ይህ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ አልነበረም።

«ቤቴ» አለች።

ፈታኟ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ከአገልግሎቱ ከመጡት አንዱ ማዳመጫው የተሳሳተ መስሎት በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ጥናቱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሰብሳቢው የንግግሯን ጥራት ውጤት ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከመቶ ዘጠና አንድ። በዚያ ዓመት ከተሰጡት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ተናገረ። አጨበጨቡ።

እንድሪስ ውጭ ደረጃው ላይ ይጠብቃት ነበር። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥቷል። አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«ሉባባ» አላት። ሉቢ ነበር የሚላት ሁልጊዜ።

«አቤት።»

«ፊርዱ ናት?»

«እሷ ናት።»

አንገቱን ነቀነቀ። ተማሪዎች እየሳቁ በመሃላቸው አለፉ፤ እስኪያልፉ ጠበቀ።

«ሰዓት ይዤልሻለሁ እኮ» አላት። «ስንት ጊዜ ሰዓት ይዤልሻለሁ። ያቺን ቦታ ወድጃት ነበር። ነግሬሻለሁ አይደል፣ ያቺን ቦታ እንደምወዳት?»

«ነግረኸኛል።»

«ዝም አልሽኝ።»

«ዝም አልኩህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በአማርኛ አልወጣልኝ አለ።»

«አሁን በአማርኛ ሰማሁት። በድምፅሽ። አፍሽን አየዋለሁ፣ ሌላ ነገር ነው የሚለው።» መዳፉን ከፍቶ ማዳመጫውን አየው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይሄ ነው የነገረኝ እንጂ አንቺ አልነገርሽኝም።»

«እንድሪስ፣ ስትገባ አይቼሃለሁ። ማቆም እችል ነበር።»

«አውቃለሁ። ስታዪኝ አይቻለሁ።»

ሉባባ የቀረውን ልትነግረው ፈለገች፤ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ፊርማዋ፣ በገዛ ዓይኗ ያየችውን ትታ የአምባሩን እንዴት እንዳመነች። ሁሉም ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ በእንግሊዝኛ ነበር የመጣላት። ዋጠችው።

«ሦስት ዓመት ተኩል» አለ እንድሪስ። «ለመጣው ሰው ሁሉ ‹ባልሄድ ኖሮ› ስል። ሐረጎን በስንት ደቂቃ እንደምወጣው ሳሰላ። ማድ ቤት ሆነሽ ትሰሚኛለሽ አይደል?»

«እሰማህ ነበር።»

«ልመለስ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ሉባባ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።»

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና፣ ሊነግራት ከኮምቦልቻ ድረስ ይዞት የመጣውን ነገር ነገራት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። የምሩን ነበር። ከዚያ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። እሷ አውቶቡስ ተራ ስትደርስ በፊተኛው ሄዶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ወንድሙ ቤት ገባ። ለሰው ምንም አልተናገረም። ሽማግሌ ልካ እንድትታረቀው የመከሯት ነበሩ፤ በምን ተጣላችሁ ሲሏት ወሬ ስለምትቀይርባቸው ተዉት። በሰኔ ወር አገልግሎቱ የአረንጓዴውን ወሰን በጥቂት ቁጥር አጠበበው። ለውጡ ሲታወጅ የማንም ስም አልተጠራም። ሉባባ በመረጃ ክፍሉ ስክሪን ላይ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ልጆች ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲለወጡ አየች። ዘጠኙንም ስማቸውን አነበበች። ከዚያ ተነሥታ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች፤ ስትወጣ አሥራ አንድ ሆነዋል።

እንድሪስ የመጣው ሐምሌ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ነበር። ሉባባ በሩን ስትከፍትለት ከስቷል። ገባ አለና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ ላፍላ ስትለው በእጁ ተይው አላት።

«ያን ቀን ንገሪኝ» አለ።

«ሰምተኸዋል።»

«የሰማሁት ሰዓትና ቁጥር ነው። እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። እሷን ነው። ጠዋት ስትነሣ ምን አለች?»

ሉባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች፤ አልመጣም። እንድሪስ አልቸኮለም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ፣ መልሶ ቀነሰ።

«አንተን ነው የጠራችው» አለች በመጨረሻ። «ገና ዓይኗን ሳትገልጥ።»

«ምን አልሻት?»

«ባቲ ሄዷል አልኳት። ‹ባጢ› አለች።»

እንድሪስ ከንፈሩን ነከሰ። «ከዚያስ?»

«አጥሚት ሰጠኋት። ሁለት ማንኪያ ጠጣች፣ ሦስተኛውን አንጓሎው ላይ አፈሰሰችው። ያ አሻንጉሊቷ። ‹ብላ› ትለዋለች። ከዚያ ቆዳ ጫማህን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። አንዱን። ሁለቱንም እግሯን አንዱ ውስጥ ከታ ልትራመድ ስትል ወደቀች።»

«አለቀሰች?»

«ሳቀች። ያኔ ነው ትንፋሿን የሰማሁት። ስትስቅ።»

በእያንዳንዱ ቃል ትቆማለች። ንግግሯ ተቆራረጠ፤ ግማሹን ሁለት ጊዜ አለችው፤ ቅደም ተከተሉን አሳስታ ወደ ኋላ ተመለሰች። እንድሪስ አላረማትም። ዝም ስትል ብቻ «ከዚያስ?» ይላታል። መስኮት ጋ እንዳቀፈቻት ነገረችው፤ የጎረቤት ዶሮ አይታ እንደጠራቻት፤ ውኃ እንደጠየቀች፤ ራሷን ትከሻዋ ላይ እንዳሳረፈች።

«ስደውል ተኝታ ነበር?»

«አልተኛችም።»

እንድሪስ ጠበቀ።

«ተኝታለች ያልኩህ ውሸት ነው። ታቅፌያት ነበር። ድምፅህን ከስልኩ ሰማችው። እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። እንዳይሰማህ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሉባባ ልትነሣ ብላ ተወችው፤ መብት ያላት አልመሰላትም። ብዙ ቆየ። እጁን ሳያነሣ፣ ከመዳፎቹ ሥር፣ ድምፁ ታፍኖ «ከዚያስ?» አላት።

ሰባት ሰዓትን ነገረችው። ስምንትን ነገረችው። አምባሩን በየደቂቃው እያየች፣ ልጅቷን ግን ማየት እየፈራች እንደነበር ነገረችው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩልን ነገረችው፤ እሱን በሁለት ቃል ነበር። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውጭ ሰዎች ከየተጠለሉበት እየወጡ ሲነጋገሩ ይሰማል።

«ከዚያስ?» አላት እንድሪስ።

«ከዚያ አንተ መጣህ።»